ቆመው የቀሩ ቤቶች

በባሕር ዳር የዘንባባውን ጎዳና ይዞ ወደ ጣና ዳር የሚወርድ ሰው ዓይኑ የሚቸኩለው ወደ ሐይቁ ነው። ቆም ብሎ ግራ ቀኙን ለሚያይ ግን ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ሦስት ወይም አራት ወለል ወጥቶ የቀረ ስትራክቸር፣ ከመጨረሻው ሶሌታ በላይ ወደ ሰማይ ተቀስረው የዛጉ የኮለን ብረቶች፣ ብሎኬት ያልገባባቸው ክፍት ጎኖች፣ ዙሪያውን ዓመታት ያጎበጡት የቆርቆሮ አጥር። በአጥሩ ጥግ የዘበኛ ማደሪያ አለች። ክረምት ሲገባ ዘበኛው ግቢው ውስጥ በቆሎ ይዘራል፤ መስከረም ላይ እሸቱን ይጠብሳል። ቤቱ ግን ከአምናው አንድ ብሎኬት አልጨመረም።

ሰፈርተኛውን ብትጠይቁ ለእያንዳንዱ መልስ አለው። «ባንክ ይዞት ነው።» «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው።» «ወራሾቹ ፍርድ ቤት ናቸው።» «ገንዘብ አልቆበት ነው።» አንዳንዴም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «የትልቅ ሰው ነው» ይባላል። ሁሉም መልስ አንዳንድ ቦታ ላይ እውነት ነው። ችግሩ የከተማ አስተዳደሩ ሊወስደው የሚችለው እርምጃ እንደ ምክንያቱ የሚለያይ መሆኑ ነው። ባንክ ለሐራጅ ላቀረበው ቤትና ባለቤቱ ዋጋ እስኪጨምር ሆን ብሎ ላቆመው ቤት አንድ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሁለቱንም አለማስጠንቀቅ ነው። ስለዚህ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንፍታቸው።

ባዶ ቤት የከተሞች ራስ ምታት መሆኑ በዓለም ላይ በሰፊው የተወራው እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የቤት ብድር ሥርዓት ከተናጋ በኋላ ነው። እንደ ክሊቭላንድና ዲትሮይት ባሉ ከተሞች የቤቱ ዋጋ ከብድሩ በታች ወረደ። ባለዕዳው ቁልፉን ጥሎ ሄደ። ባንኩም ቢሆን የግብሩና የጥገናው ወጪ ቤቱ ከሚያወጣው ስለሚበልጥበት አንዳንድ ጊዜ በስሙ ማዞር አልፈለገም። መስኮቶች በጣውላ ተመቱ፣ የመዳብ ቧንቧዎች ተነቅለው ተሸጡ። ክሊቭላንድ የምትገኝበት የካያሆጋ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2009 የመሬት ባንክ የሚባል የሕዝብ ተቋም አቋቋመ። ሥራው ባለቤት ያጡትን ቤቶች መረከብ፣ የሚጠገነውን ጠግኖ መሸጥ፣ የማይጠገነውን ማፍረስ ነበር። የእኛ ጉዳይ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ ቤት ባዶ የቀረው ዋጋው ስለወደቀ ነው፤ እዚህ ባዶ የሚቀረው ዋጋው ስለማይወድቅ ነው። የአሜሪካውን መድኃኒት እንዳለ ቀድቶ ማምጣት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

«ባንክ ይዞት ነው» ከሚለው እንጀምር። ቀድሞ ብድር ሲበላሽ ባንኩ እንደማንኛውም ከሳሽ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ተከራክሮ፣ አስፈርዶ፣ ከዚያም አፈጻጸም ከፍቶ ዓመታት ይጠብቅ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ይህን መንገድ አሳጠረው። ባንኩ ከተበዳሪው ጋር አስቀድሞ በውል ከተስማማ፣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በሽያጩ ሂደት ሕጉን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ በኃላፊነት ይጠየቃል፤ ለመሸጥ ግን የዳኛ ፈቃድ አያሻውም።

ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ ብዙ ሰው ገልብጦ ያልፈዋል። አንዱን በደንብ ማንበብ ግን ስለ ከተማችን ብዙ ያስተምራል። በሠንጠረዡ መጀመሪያ የተበዳሪው ስም አለ፤ ቀጥሎ የንብረት አስያዡ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ወንድም ለወንድሙ ንግድ፣ አባት ለልጁ ብድር ቤቱን ያስይዛል፤ ማስታወቂያ የወጣበት ቤት ባለቤት ብድሩን ጭራሽ ያልነካ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከዚያ ንብረቱ የሚገኝበት ከተማ፣ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር ይዘረዘራል። «አገልግሎቱ» በሚለው ረድፍ «መኖሪያ» ወይም «ድርጅት» ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ «በጅምር ላይ ያለ» ይላል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ። በመጨረሻ የመነሻ ዋጋው፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት፣ «የመጀመሪያ» ወይም «ሁለተኛ» ሐራጅ የሚል ምልክት አለ።

ከሠንጠረዡ በታች ያሉት ጥቃቅን ፊደላት ናቸው ዋናዎቹ። ተጫራች ብዙውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) ማስያዝ አለበት። አሸናፊው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ አይመለስለትም። የስም ማዛወሪያው ወጪም በገዢው ላይ ነው። አንዳንድ ባንኮች ለአሸናፊው ብድር እናመቻቻለን ይላሉ፤ ያም ሆኖ ሐራጁ በመሠረቱ ጥሬ ገንዘብ ላለው ሰው የተዘጋጀ ገበያ ነው። ከደመወዙ እየቆጠበ ቤት የሚፈልግ መምህር ወይም ነርስ ከሩብ ዋጋው ሲፒኦ አያልፍም። በመጀመሪያው ሐራጅ ገዢ ካልተገኘ ሁለተኛ ይወጣል። በሁለተኛውም ካልተገኘ ባንኩ ንብረቱን በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል።

ያለቀ መኖሪያ ቤት በዚህ መንገድ ሲያልፍ ባዶ የሚቀርበት ጊዜ አጭር ነው። ወይ ባለዕዳው አልወጣም ብሎ ተቀምጦበታል፣ ወይ ገዢው ገብቶበታል፣ ወይ ተከራይቷል። ባንኩም ቤት አከራይ መሆን ሥራው ስላልሆነ ንብረቱን ገፍቶ መሸጥ ይፈልጋል። በጅምር ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ባለሀብቱ ለግንባታው የተበደረው ገንዘብ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ሲንር መሀል ላይ አለቀ እንበል። ሕንፃው ኪራይ ስለማያስገባ ብድሩ አይከፈልም። ባንኩ ስትራክቸሩን ለሐራጅ ያወጣዋል። የገዛውም ሰው ያለውን ጥሬ ገንዘብ ለግዢው አሟጦ ስለሚጨርስ ለማጠናቀቂያው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ባለቤት ይቀየራል እንጂ ኮለኖቹ ያሉበት ይቆያሉ። ሰፈርተኛው «ባንክ ይዞት ነው» ሲል የሚናገረው ምናልባት ከሦስት ዓመት በፊት ስለነበረው ነገር ነው። ዛሬ ባንኩ ገንዘቡን አስመልሶ ሄዷል፤ ጅምሩ ግን የሰፈሩ ሆኖ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ገዢው ምን እንደገዛ ማስታወስ ያሻል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። በሐራጅ የሚተላለፈው በላዩ ያለው ግንባታና ቀሪው የሊዝ መብት ነው። ከመብቱ ጋር ግዴታውም አብሮ ይተላለፋል፤ ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳ፣ ግንባታውን የማጠናቀቂያ ቀነ ገደብ፣ የተፈቀደው የወለል ብዛት። ብዙ ገዢ የሚያየው የካሬ ሜትሩን ቁጥር ነው፤ የሊዝ ውሉን የሚያነበው ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከባንክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ጅምሮች ለምን በዙ? መልሱ ያለው በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። አዋጁ የወጣው በቅን ዓላማ ነው፤ ባዶ ቦታ ወስዶ ሳያለማ እየሸጠ የሚከብረውን ለማስቆም። ለዚህም ጊዜ ቆረጠ። ዝቅተኛ ግንባታ በ24 ወር፣ መካከለኛ በ36 ወር፣ ከፍተኛ በ48 ወር መጠናቀቅ አለበት፤ በቂ ምክንያት ላለው የተወሰነ ማራዘሚያ ይፈቀዳል። በጊዜው ያልተጠቀመበት ሰው ውሉ ይቋረጣል፤ የከፈለው ሊዝ ወጪና ቅጣት ተቀንሶ ይመለስለታል።

ሁለተኛው መሣሪያ ስለ ማስተላለፍ ነው። ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያጠናቅቅ የሊዝ መብቱን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋ፣ በላዩም መብቱ ከተላለፈበት የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ለመንግሥት ነው። «በግማሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነም ሕጉ ተርጉሞታል። ለቪላ ከሆነ መሠረቱ ወጥቶ፣ ኮለኑ ቆሞ፣ የላይኛው ቢም ታስሮ ለጣሪያ ሲዘጋጅ ነው። ለፎቅ ከሆነ ከጠቅላላው ወለሎች ቢያንስ የግማሹ የኮንክሪት ሥራ ሲያልቅ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 20,000 ብር አሸነፈ እንበል፤ ጠቅላላው 4 ሚሊዮን ብር ነው። ሕጉ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም ስለሚል 400,000 ብር ከፍሎ ተረከበ፤ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ዓመታዊው ክፍያ፣ ወለዱ፣ የዘበኛው ደመወዝና ቆርቆሮው ተደምሮ ያወጣው 1 ሚሊዮን ብር ደረሰ። በዚህ ጊዜ በአካባቢው ካሬው 35,000 ብር ገብቷል፤ የቦታው ዋጋ 7 ሚሊዮን ብር ሆኗል። ምንም ሳይገነባ በሕጉ መንገድ ቢያስተላልፍ ትርፉ የ7 ሚሊዮኑ 5 በመቶ ነው፤ 350,000 ብር። ኮንክሪቱን እስከ ግማሽ ወለል ካደረሰ ግን ያ ገደብ አይመለከተውም፤ የ3 ሚሊዮኑ ጭማሪ የእርሱ ነው። ግማሽ ከደረሰ በኋላ አንድ ወለል መጨመር ወጪ እንጂ ሌላ የሚያስገኝለት ነገር የለም፤ ተከራይ ለማስገባት ደግሞ ማጠናቀቂያው ገና ሩቅ ነው። በአርማታ ዋጋና በቦታ ዋጋ መካከል የሚያሰላ ሰው የት ላይ ያቆማል? ሕጉ መስመር ያሰመረበት ላይ ነው።

በየጎዳናው የምናያቸው ጅምሮች ብዙዎቹ ያን መስመር ወይ ገና ሲጠጉ፣ ወይ እንዳለፉ የቆሙ ይመስሉኛል። ይህ የእኔ ንባብ ነው። በእርግጥ እውነተኛ የገንዘብ እጥረት ያቆማቸውም በርካታ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ አንድ ዓይነት ኮለን፣ አንድ ዓይነት ዝገት ነው። ሌላም አቋራጭ አለ። ካርታው በሻጩ ስም እንደቆየ ገዢው በውክልና ይገባበታል። በመዝገቡ ላይ ምንም አልተሸጠም። ክፍለ ከተማው ማስጠንቀቂያ የሚልከው ካርታው ላይ ላለው ስም ነው፤ ያ ሰው ከቦታው ከተለያየ ቆይቷል።

ከሊዙ ውጭ ያሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። በነባሩ ሰፈር ያሉ የጭቃ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት በውርስ ክርክር ነው። አባት ሳይናዘዝ ይሞታል፤ አንዱ ልጅ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን ነው። ቤቱን የሚያድስ ሰው ለሌሎቹ እያደሰ መሆኑን ስለሚያውቅ ማንም እጁን አይዘረጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብሩን በስሙ እየከፈለ የማይንቀሳቀስ ንብረት የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል፤ በአንድ ቤተሰብ አባላት መካከል ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ ወራሾቹ እርስ በርስ እስኪስማሙ ወይ እስኪፈረድባቸው ቤቱ ይጠብቃል። በማኅበር ተደራጅተው ቦታ የወሰዱ የመንግሥት ሠራተኞችም አሉ። የነዚህ ታሪክ ቀላልና አሳዛኝ ነው። ቁጠባቸው መሠረቱን አወጣ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የዕቃ ዋጋ ሲንር ግን ያው ደመወዝ ግድግዳውን ማውጣት አልቻለም።

ጎረቤት ለምን ይከፋዋል? የከተማ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ በበኩሌ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ያለች ሜዳ ከተማ ናት፤ ውኃው ከመሬት በታች ብዙም አይርቅም። ለቤዝመንት ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ከዝናቡም ከሥሩም። ወራት የሚቆይ ኩሬ ይሆናል። የወባ ትንኝ ለሚራባባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በአገራችን መጀመሪያ በ2009 ዓ.ም. ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው ትንኝ ከሌሎቹ የምትለየው በከተማ ውስጥ በሰው ሠራሽ ውኃ መያዣዎችና በግንባታ ጉድጓዶች መራባት ስለምትወድ ነው። ከዚህ ሌላ ልጅ የሚገባበት አደጋ አለ፣ ማታ የሚሰበሰብበት ሰው አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጥልበት ቆሻሻ አለ። መንገድ፣ የውኃ መስመር፣ የመብራት ምሰሶም ባዶ ቦታውን አልፈው ነው ወደሚቀጥለው ቤት የሚደርሱት። ከተማዋ ለታጠረ ቆርቆሮ መሠረተ ልማት ትዘረጋለች፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ግን ቤታቸውን ሠርተው የገቡት ናቸው።

የከተማ አስተዳደር በእጁ ያለው ምንድን ነው? በወረቀት ላይ ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያው ውል ማቋረጥ ነው። በዚህ ረገድ በጣም የሚታወቀው የአዲስ አበባው ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የከተማው አስተዳደር ከ4 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ ታጥሮ የተቀመጠ መሬት ከ150 በላይ ከሚሆኑ ባለይዞታዎች መውሰዱን አስታወቀ። በመሀል ፒያሳ ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ የኖረ ቦታ ሲነሳ ያየ የከተማው ሰው ደስታውን አልደበቀም። በጥር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከተማው ባካሄደው ጥናት 21,695 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሕግ ውጭ መያዛቸውን፣ ባለቤታቸው ያልታወቀ 322 ሕንፃዎች መገኘታቸውን ይፋ አደረገ። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት፤ ቦታ አይደለም፣ ሕንፃ ነው፣ ባለቤቱ ያልታወቀው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለቤት የሌለው የማይንቀሳቀስ ንብረት የመንግሥት ነው ስለሚል፣ ችግሩ የሕግ ክፍተት አልነበረም። መዝገቡ ነበር የጎደለው።

ውል ማቋረጥ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ትልቅነቱ ራሱ ግን ድክመቱ ነው። አስተዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ሁሉንም መንጠቅ ከሆነ፣ ኃላፊው እስከመጨረሻው ያመነታል። ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ያራዝማል፣ እንደገና ያስጠነቅቃል። ከዚያ አንድ ቀን ዘመቻ ይታወጃል። በዘመቻው ውስጥ ፍትሕና አድልዎ ተቀላቅለው ይሄዳሉ፤ ጉልበት ያለው ያራዝማል፣ ጉልበት የሌለው ይነጠቃል። ከተነጠቀ በኋላም ጥያቄ አለ። ቦታው ቶሎ ለሚሠራ ሰው ካልተላለፈ የተደረገው ነገር የግለሰቡን ቆርቆሮ በመንግሥት ቆርቆሮ መተካት ብቻ ነው። የባሕር ዳር አስተዳደርም በተለያዩ ጊዜያት ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎችን ባለይዞታዎች ሲያስጠነቅቅና ውል ሲያቋርጥ ቆይቷል። የእርምጃው ዋጋ የሚለካው ግን ስንት ውል ተቋረጠ በሚለው ሳይሆን ከተቋረጡት ቦታዎች ስንቱ ላይ ጣሪያ ወጣ በሚለው ነው፤ ይህኛው ቁጥር ለሕዝብ ሲነገር አንሰማም።

ሁለተኛው መሣሪያ የሕንፃ ሹሙ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለዚህ ሹም ለአደጋ የሚያጋልጥ ሕንፃ እንዲጠገን፣ እንዲለቀቅ ወይም እንዲፈርስ የማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶታል። ይህ ሥልጣን ከውል ማቋረጥ ያነሰና ቶሎ የሚሠራ ነው። ጉድጓዱን ድፈን፣ አጥሩን አጠናክር፣ ብረቱን ቁረጥ ማለት ማንንም መሬቱን አይነጥቅም። የሚገርመው እንዲህ ያለ ጠቃሚ ሥልጣን በጣም ትንሽ የሚወራለት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ግብር ነው፤ እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ባለሦስት ሚሊዮኑን ምሳሌ አስታውሱ። ያ ሰው የሚጠብቀው መጠበቅ ስለማያስከፍለው ነው። የከተማ ቤት ግብር የሚሰበሰበው ለረጅም ዘመን በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። ግብሩ የሚሰላው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ነው፤ ግምቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ባለመከለሱ ብዙ ሰው የሚከፍለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ከአንድ ምሳ ሒሳብ የማይበልጥ ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ስትከልስ የተነሳው ጩኸት ምን ያህል ተረስቶ እንደቆየ ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ወጥቶ ከተሞች በመሬት ይዞታና በሕንፃ ላይ ግብር የሚጥሉበት አዲስ ማዕቀፍ ተዘርግቷል።

ይህ አዋጅ ባዶ ቤትን ይነካዋል ወይ የሚለው የሚወሰነው ከተሞች ዝርዝሩን በሚያወጡበት መንገድ ነው። ግብሩ በሕንፃው ላይ ብቻ ከከበደ ቅጣቱ የሚያርፈው ሠርቶ በጨረሰው ላይ ነው፤ ጅምሩን ይዞ የተቀመጠው እንደገና ያተርፋል። በመሬቱ ዋጋ ላይ ከከበደ ግን ባዶ ቦታና ባለአሥር ፎቅ ሕንፃ ለእኩል ካሬ እኩል ይከፍላሉ፤ ያኔ መጠበቅ በየዓመቱ ሂሳብ ያመጣል። በካናዳ የቫንኩቨር ከተማ ከዚህም አልፋ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በባዶ ቤት ላይ ለብቻው ግብር ጣለች። እያንዳንዱ ባለቤት ቤቱ ሰው እንደሚኖርበት ወይም እንደማይኖርበት በየዓመቱ ያሳውቃል፤ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ላይ የዋጋውን 1 በመቶ፣ በኋላ 3 በመቶ ይከፍላል። ከዚያ የምንማረው ስለ መቶኛው አይደለም። ማሳወቁ ነው ዋናው። ዝም ያለ ባለቤት ቤቱ ባዶ እንደሆነ ይቆጠርበታል፤ ስለዚህ ከተማዋ ባለቤቱን ፍለጋ አትሄድም፣ ባለቤቱ ራሱ ይመጣል።

የእኛ መዝገብ ግን ለዚህ ገና ነው። የከተማ ይዞታን ለማረጋገጥና ለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 818 በ2006 ዓ.ም. ነው የጸደቀው፤ ሥራው ቁራሽ በቁራሽ፣ ቀጠና በቀጠና የሚሄድ ነው። ካርታው በአንድ ስም፣ ውክልናው በሌላ፣ ገንዘቡ የሦስተኛ ሰው የሆነበት ቦታ ላይ የግብር ደረሰኝ ማን በር ላይ ይለጠፋል? በዘበኛው ማደሪያ በር ላይ ካልሆነ በቀር።

ግብሩንም ቅጣቱንም ስናስብ ያልፈለገውንና ያልቻለውን መለየት ግድ ነው፤ በጣና ዳር በተለይ። ባሕር ዳር ከቱሪዝም የምትኖር ከተማ ናት። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሻገሩት ጀልባዎች፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ የስብሰባ አዳራሾቹ ሆቴሎቹን ይመግቧቸው ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ተከትሎት የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ግጭት ተቀጣጠለ። ጎብኚ ባለመምጣቱ ብድሩን መክፈል ያልቻለ የሆቴል ባለቤት፣ ማስፋፊያውን በሁለተኛው ወለል ላይ ያቆመ ባለሀብት፣ መንገድ ተዘግቶ ሲሚንቶ ያላገኘ የቤት ማኅበር፣ እነዚህ ከሒሳበኛው ጋር በአንድ ደብዳቤ ሊጠሩ አይገባም። የሊዝ ሕጉ ከባለይዞታው አቅም በላይ ለሆነ ምክንያት ማራዘሚያ ይፈቅዳል። ችግሩ ማራዘሚያ የሚሰጠው በተናጠል ማመልከቻ መሆኑ ነው፤ በር የሚያንኳኳ ያገኛል፣ የማያንኳኳ ያጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስተዳደሩ በተወሰኑ ዓመታት ለተፈረሙ ውሎች በሙሉ እኩል ጊዜ ቢጨምርና ከዚያ በኋላ ያለ ልዩነት ቢቆጥር፣ ሁለቱ ዓይነት ባለይዞታዎች በራሳቸው ይለያሉ። ችግሩ የያዘው ሰው ጊዜ ሲያገኝ ይሠራል፤ ሒሳብ የያዘው አሁንም እዚያው ይቆማል።

በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤት ካለ ወዴት ትሄዳላችሁ? ጉድጓድ፣ የሚወድቅ አጥር ወይም የተንጠለጠለ ብረት ከሆነ ጉዳዩ የሕንፃ ሹሙ ነው። ማመልከቻውን በጽሑፍ፣ ከተቻለ ከፎቶግራፍና ከጎረቤቶች ፊርማ ጋር አስገብታችሁ የገቢ ቁጥር ተቀበሉ። ቦታው ራሱ ሳይሠራ የቀረ ከሆነ ክፍለ ከተማችሁ ባለው የመሬት አስተዳደር ክፍል ይጠየቃል። ሄዳችሁ «ለምን አይነጠቅም» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያ የሚያስኬደው ወደ ክርክር ነው። መጀመሪያ ቦታው በሊዝ የተያዘ ወይስ ነባር ይዞታ እንደሆነ ጠይቁ፤ በነባር ይዞታ ላይ የሊዝ ቀነ ገደብ የለም። በሊዝ ከሆነ ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ ግንባታው ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ ተብሎ እንደተመደበ፣ ማራዘሚያ ተሰጥቶ ከሆነም ስንተኛው እንደሆነ ጠይቁ።